ታደለችን ፍለጋ፦ ከቦኖሻ እስከ አንጋጫ

ሆሳዕና ልሄድ ነው ብዬ መሥሪያ ቤት ስናገር የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ «ጾሙ ሳይገባ?» አለችኝ። በዓሉ መስሏት ነው። የከተማ ስም መሆኑን ሳስረዳት ደግሞ «ታዲያ እዚያ ምን ጠፋብህ?» አለች። ለጊዜው የጠፋብኝ ነገር አልነበረም። የጠፋ ሰው መኖሩን ያወቅሁት ከደረስኩ በኋላ ነው።

እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የቲቢ ክፍል ነርስ ነኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አክታ አስመርምሬያለሁ፣ ኪኒን አድዬአለሁ፣ «አታቋርጡ» ብዬ መክሬያለሁ። ነርሲንግ አብራኝ የተማረችው ምህረት ደግሞ በሀዲያ ዞን ቦኖሻ በምትባል የወረዳ ከተማ ያንኑ ሥራ ትሠራለች። በስልክ ስንጨዋወት መድኃኒት የሚያቋርጥባት ሰው በጣም ጥቂት መሆኑን ትነግረኝ ነበር። እንዴት አድርጋ እንደሆነ በጠየቅኋት ቁጥር መልሷ አንድ ነው፤ መጥተህ እይ። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ አለቃዬን አስፈቅጄ ተነሣሁ።

ሰኞ

እሑድ አዲስ አበባ እህቴ ዘንድ አድሬ ሰኞ ማለዳ የሆሳዕናን አውቶቡስ ያዝኩ። ቡታጅራን እስክናልፍ ድረስ አንድም መስኮት አልተከፈተም። የአገራችን ሰው ከሳንባ በሽታ ይልቅ የሚፈራው ነፋስን ነው። ሥራዬ ነውና አላስችል ብሎኝ አጠገቤ ያለውን መስኮት ሁለት ጣት ያህል ገፋ ባደርገው፣ ከኋላዬ ነጠላ የተከናነቡ እናት ብርድ ሊመታን ነው አሉኝና መልሼ ዘጋሁት። ትንሽ ቆይቶ አቧራ ጉሮሮዬ ገባና ሳል ያዘኝ። አንዴ ሳልኩ፤ ሁለቴ ሳልኩ። በሦስተኛው እኚያው እናት እጃቸውን በትከሻዬ ላይ አሳልፈው መስኮቱን ራሳቸው ወለል አድርገው ከፈቱት። ዓመታት አስተምሬ ያላገኘሁትን በሦስት ሳል አገኘሁት። እስከ ሆሳዕና ድረስ ንጹህ አየር እየሳብን ሄድን።

መናኸሪያው እንደደረስን አንድ ተሸካሚ ሻንጣዬን ተቀበለኝ። ሻይ ቤት ገብቼ ለምህረት ስደውል እሱ ለካ ዱራሜ የምሄድ መስሎት ሻንጣውን የዱራሜ ሚኒባስ ላይ ጭኖታል። ስወጣ ሚኒባሱ የለም። እኔ ስደነግጥ ተሸካሚው ስልኩን አወጣና ለሾፌሩ ደወለ። ሾፌሩ ከከተማው መውጫ ላይ ሻንጣውን ለአንድ ተመላሽ ባጃጅ አሳልፎ ሰጠው። ሻይዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ ሻንጣዬ መጣ። ተሸካሚው እንግዳ ሰው አስደንግጬ ብሎ የተሸከመበትን አልቀበልም አለኝ፤ ግድ ብዬ ነው ያስያዝኩት።

ምህረትና አስተማሪ ባለቤቷ አቶ ደሳለኝ ሆሳዕና ውስጥ ነው የሚኖሩት። ቤታቸው ከኋላው በእንሰት የተከበበ ነው። እኛ አገር በጥር ጠዋት ሜዳው አመዳይ ለብሶ ነጥቶ ያድራል፤ ዓይን የሚያርፍበት አረንጓዴ ነገር ቢኖር ባሕር ዛፍ ብቻ ነው። እዚህ እንሰቱ ጓሮውን ሞልቶ፣ ቅጠሉ በነፋስ ሲንኳኳ ዝናብ የመጣ እየመሰለኝ ሁለት ጊዜ ወደ ውጭ ተመለከትኩ። እራት ላይ አቶ ደሳለኝ ረጅም ጸሎት አደረገ። እኔን በስሜ፣ አለቃዬንም በሹመቱ አንሥቶ ጸለየልን። ክትፎውና ቆጮው ቀዘቀዘ እንጂ ደስ ብሎኝ አሜን አልኩ።

ማክሰኞ

ከሆሳዕና ወደ ቦኖሻ መንገዱ ይወርዳል፤ እየወረደ ሲሄድ ይሞቃል። ደብረ ብርሃን ለብሼ የወጣሁትን ወፍራም ጃኬት ጉልበቴ ላይ አቅፌ በአቧራ ተለውሼ ደረስኩ።

የምህረት ክፍል ከእኔ ክፍል አይበልጥም። ሁለት ትይዩ መስኮቶች አሉት፤ ሁለቱም አይዘጉም። ሕመምተኞቹ የሚጠብቁት ውጭ ዋንዛ ሥር ባለ አግዳሚ ላይ ነው። መጀመሪያ ያስገረመኝ ከያንዳንዱ ሕመምተኛ ጋር ሌላ ሰው መኖሩ ነበር። አንዱ ከጎረቤቱ፣ አንዷ ከምራቷ፣ አንዱ ከሚዘምርበት የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሪ ጋር መጥቷል። ምህረት መድኃኒት ከማስጀመሯ በፊት ቤታቸው ሄዳ የሚያስውጣቸውን ሰው ራሷ ትመርጣለች። እኔ ስልክ ቁጥር እመዘግባለሁ፤ እሷ ግን የደጁን መንገድ ታውቃለች።

መዝገቡን እያገላበጥኩ አንድ ረድፍ ላይ ደረስኩ። ሦስት ወር ያህል ምልክቱ ሳይቋረጥ ከሄደ በኋላ አምስት ሳምንት ባዶ ነው። ምህረት ፊቷን አጠቆረችና ነገሩን አጫወተችኝ። ታደለች ትባላለች። የአንጋጫ ልጅ ናት፤ እዚህ ሻሾጎ ወረዳ ነው የተዳረችው። ባሏ እንደ ብዙዎቹ የዚህ አገር ወጣቶች ደቡብ አፍሪካ ሄዷል። ታደለች ከአማቷ ከእማማ ወርቅነሽና ሦስት ዓመት ካልሞላት ልጇ ከሶስና ጋር ትኖር ነበር። መድኃኒቱን በደንብ ጀምራ፣ ሳሉም ለቋት፣ አንድ የገበያ ቀን ልጇን ትታ ወጥታ ሄደች። ምህረት ሁለት ጊዜ ቤቱ ሄዳ ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች ተብላ ተመልሳለች። ስልኳ አይሠራም። አንድ ሰው መድኃኒቱን ካቋረጠ ደግሞ የሚያስፈራው የበሽታው መመለስ ብቻ አይደለም፤ ጀርሙ መድኃኒቱን ተላምዶ እንዳይመለስ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሦስተኛውን ጊዜ አብረን ሄድን። እማማ ወርቅነሽ ደልደል ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ እናት ናቸው። ሶስና ቀሚሳቸውን ይዛ አትለቅም። አማርኛዬን ሰምተው ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ከደብረ ብርሃን ስላቸው ያን ሁሉ መንገድ ለሰው ምራት ብለህ ነው የመጣኸው? አሉኝ። ነገሩ እንዲያ ባይሆንም አዎ አልኳቸው።

ምናልባት እንግዳ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ለምህረት ያልነገሯትን ነገሩን። ልጅ ሳሉ ታላቅ ወንድማቸውን ይኸው በሽታ ያዘው። በዚያ ዘመን መድኃኒቱ አይገኝም፤ ከእንሰቱ ጀርባ ትንሽ ጎጆ ተሠራለትና ምግቡን ከደጃፉ ላይ አስቀምጠው ይመለሱ ነበር። ሲሞት አጠገቡ የነበረ ሰው የለም። ታደለች ስትታመም እሳቸው ጎጆ አልሠሩም፤ ወተቱንም ቅቤውንም አልከለከሏትም። ነገር ግን ሳህኗንና ኩባያዋን ለዩ። ልጅቷንም ወስደው ከራሳቸው ጋር አስተኙ።

ምህረት ድምፅዋን ሳትጨምር «እማማ፣ በሳህን አይተላለፍም። በትንፋሽ ነው። መድኃኒቱን ስትውጥ ደግሞ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የማስተላለፉ ነገር ይቆማል። ያኔ እርስዎን አስቀምጬ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለቻቸው።

እማማ ወርቅነሽ የታደለችን አባት ስምና የቤቱን አቅጣጫ ብቻ ነገሩን።

ረቡዕ

ጠዋት አንጋጫ ለመሄድ ሆሳዕና መናኸሪያ ስንደርስ፣ ከሻይ ቤቱ በር ላይ እማማ ወርቅነሽ ቆመዋል። ከቦኖሻ በመጀመሪያው መኪና መጥተው ነው። የእሑድ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፤ ሶስና ጀርባቸው ላይ ተኝታለች። ምህረት እጃቸውን ሳመቻቸው። ማናችንም ለምን መጡ ብለን አልጠየቅንም።

ዶዮገና ሳንደርስ የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማው ራሱ ትርፍ ጎማ የሚያስፈልገው ነበር። ረዳቱ በሞተር ሄዶ እስኪያስለጥፍ ድረስ ከመንገዱ ዳር ያለ አንድ ገበሬ ሁላችንንም ጓሮው አስገባን። ብርዱ ያገሬን ብርድ አስታወሰኝ። ጃኬቴን ስለብስ ምህረት ሳቀችብኝ። የገበሬው ሚስት የተቀቀለ ድንች በትልቅ ሰፌድ አቀረበችልን። በአገሬ ድንች አውቃለሁ፤ እንዲህ ዱቄት ዱቄት የሚል ግን በልቼ አላውቅም። እየበላን ማን እንደሆንን ሲጠይቁን ምህረት ሳትደብቅ የቲቢ ሠራተኞች መሆናችንን ነገረቻቸው። ወዲያው አንድ ተሳፋሪ ወደ ጎን ጠርቷት ስለ ሚስቱ ሳል አማከራት። እሷም ጎማው ተለጥፎ እስኪመጣ የት ሄዶ ማስመርመር እንዳለበት በወረቀት ጻፈችለት።

አንጋጫ ስንደርስ ቀትር አልፎ ነበር። የታደለች አባት ጋሽ ማቴዎስ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ከቤታቸው ፊት ለፊት እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ ሣር ያለበት ሰፊ ደጅ አለ። እኔንና ምህረትን በአክብሮት ተቀበሉን። እማማ ወርቅነሽን ግን ቁጭ በሉ አላሏቸውም።

ታደለች ከቤት ወጣች። ቀጭን ናት፤ ፊቷ ግን እንደፈራሁት አልከሳም። ልጇን ስታይ ሁለት እርምጃ ወደፊት መጣችና ቆመች። ከዚያ ወደኋላ ተመልሳ በበሩ ተከለለች። ሶስና «እማ» እያለች ስትሮጥ፣ ታደለች እጇን ዘርግታ አትምጪ እንደማለት አደረገች። በዚህ ሥራ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። ምህረት ፈጥና ከቦርሳዋ ማስክ አውጥታ ለታደለች አደረገችላትና ሣሩ ላይ አስቀመጠቻት። ውጭ፣ በፀሐይና በነፋስ መሀል ክፉ ነገር እንደማይኖር ነገረቻቸው። ሶስና እናቷ ጭን ላይ ወጥታ ማስኩን መጎተት ጀመረች።

ጋሽ ማቴዎስ የሚናገሩት ከምባትኛ ነው፤ እማማ ወርቅነሽ ሀዲይኛ። ሁለቱ ቤተሰቦች በአማርኛ ነበር የሚግባቡት። የእኔን ቋንቋ፣ የማንኛቸውም የእናት ቋንቋ ያልሆነውን፣ ለከባድ ነገር ሲጠቀሙበት ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ቃሉን እየመረጡ፣ ቀስ እያሉ ነበር የሚናገሩት። ምናልባት ነገሩ እንዳይበላሽ የረዳው ይኸው ነው።

«ልጄ በሙሉ ጤና ነው ወደ እናንተ የሄደችው» አሉ ጋሽ ማቴዎስ። «ብትታመም እግዚአብሔር ያመጣው ነው፤ ማንንም አልወቅስም። ሳህን መለየት ግን የሰው ሥራ ነው።»

«እውነት ነው» አሉ እማማ ወርቅነሽ። «ሳህኑን የለየሁት እኔ ነኝ። ልጇንም የለየሁባት እኔ ነኝ። ወንድሜን በዚህ በሽታ ስላየሁት ፈራሁ። የሰውን አፍ ፈርቼ አልመጣሁም። ይቅርታ ልጠይቃት ነው የመጣሁት።»

ጋሽ ማቴዎስ ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ።

«እርስዎ ከሩቅ ነው የመጡት፤ ከማንኛችንም ወገን አይደሉም። እውነቱን ይንገሩኝ። ልጄ ዛሬ ከልጇ ጋር ብትተኛ ሕፃኗ ትያዛለች?»

አትያዝም ማለት ደስ ባለኝ። ሁሉም ያንን ነበር የሚጠብቁት። ነገር ግን አምስት ሳምንት መድኃኒት ሳይወሰድ ምን እንደሆነ በዓይን አይታወቅም። «አላውቅም» አልኳቸው። «ነገ ዱራሜ ወስደን እናስመርምራት። እስከዚያ ሌሊቱን ለየብቻ ይደሩ።» ታደለች አንገቷን ደፋች። ጋሽ ማቴዎስ ግን እጄን ያዙና እማማ ወርቅነሽን ቁጭ በሉ አሏቸው።

ምግብ መጣ። አተካና ይሉታል፤ ከቡላ፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራ፣ ለክቡር እንግዳ የሚቀርብ ምግብ ነው። ሳህኑ ፊቴ ሲቀመጥ ነው ረቡዕ መሆኑ ትዝ ያለኝ። እኔ ጾመኛ ነኝ፤ በቤቱ ደግሞ ያለ ቅቤ የተሠራ ነገር ያለ አልመሰለኝም። እምቢ ብል ነውር፣ ብበላ ጾሜን መግደፌ ነው። ምህረት ገብቷት በጆሯቸው ስታንሾካሹክላቸው የጋሽ ማቴዎስ ባለቤት ሣቅ እያሉ ተነሥተው በዘይት የተሠራ ጎመንና ቆጮ አመጡልኝ። ስበላ ቀና ብል፣ እማማ ወርቅነሽ ታደለችን አጠገባቸው አስቀምጠው ከአንድ ሳህን፣ በአንድ ማንኪያ እየተቀባበሉ ይበላሉ። ታደለች ለመጉረስ ማስኩን ዝቅ ባደረገች ቁጥር ፊቷን ወደ ነፋሱ ታዞር ነበር።

ሐሙስ

ሌሊቱን እዚያው አድረን፣ ታደለችን፣ እማማ ወርቅነሽንና ሶስናን ይዘን ማልደን ዱራሜ ገባን። ታደለች አክታዋን ሰጠች። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ የማይክሮስኮፑ ውጤት ከሰዓት፣ የመድኃኒት መላመድን የሚለየው የማሽኑ ውጤት በማግስቱ እንደሚደርስ ነገረችን። ከመጠበቅ በቀር ሥራ የለንም። በሕክምና ቤቱ አጥር ሥር፣ አምባሪቾ ተራራ ፊት ለፊት በሚታይበት ቦታ ተቀመጥን። ብዙ ሰው ጫፉ ድረስ የተሠራለትን ደረጃ ሊወጣ ከሩቅ የሚመጣበት ተራራ ነው። ምህረት እንድንወጣ ብትጠይቀኝም ልቤ አልተነሣም። የአምባሪቾን ወሬ የሚፈልግ አንባቢ ከሌላ ሰው ይጠይቅ።

ይልቁንም ታደለችን ለምን እንደወጣች ጠየቅኋት። ሳህኑ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

«ሳህኑስ ግድ የለም፤ ለምጄው ነበር» አለችኝ። «አንድ ቀን ጠዋት ልጄ ሳለች። ሦስት ጊዜ። ከእኔ የያዛት መሰለኝ። በዚያው ቀን ወጣሁ።»

አንጋጫ ስትደርስ ይዛ የመጣችው መድኃኒት በሳምንት አለቀ። ጤና ጣቢያ ብትሄድ ደግሞ ሰፈሩ ያውቃል፤ አባቷ ያፍራሉ ብላ ተቀመጠች። ባሏ ደቡብ አፍሪካ ሆኖ ምንም አያውቅም። ስልኳን ያጠፋችውም እሱ ቢደውል ምን እንደምትለው ስላላወቀች ነው። እማማ ወርቅነሽ ሶስናን አቅፈው ሁሉንም ሰሙ። ሕፃኗ ሳሏ ጉንፋን እንደነበርና በሦስተኛው ቀን እንደተዋት ነገሯት። ታደለች ያንን ለአምስት ሳምንት አታውቅም ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የማይክሮስኮፑ ውጤት መጣ፤ ጀርም አልታየም። ደስታችን ግን ግማሽ ነበር፤ ማሽኑ አልተናገረም። የዚያን ዕለት ሁላችንም ዱራሜ አንድ ፔንሲዮን አደርን። የእኔ ክፍል በር ከውጭ እንጂ ከውስጥ አይከፈትም ኖሮ ጠዋት ራሴን ቆልፌ ተገኘሁ። ምህረት መጥታ እስክታወጣኝ ድረስ በሩን ስደበድብ የሰማኝ ሁሉ አሁን ድረስ የሚስቅብኝ ይመስለኛል።

ዓርብ

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ወረቀቱን ይዛ ራሷ ወደ አጥሩ ሥር መጣች። ምህረት በጣቷ መስመሩን ተከትላ አንብባ ወረቀቱን ለእኔ ሰጠችኝ። እኔም አነበብኩት። መድኃኒት የተላመደ ጀርም የለም። ታደለች ከተወችበት ትቀጥላለች። ማስኩን ማውለቅ እንደምትችልና ከልጇ ጋር፣ መስኮት ከፍታ፣ መተኛት እንደምትችል ስነግራት እውነት ነው? ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። ከዚያ ማስኩን አውልቃ አፏን የልጇ አንገት ውስጥ ቀበረች። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ዓይኗን ጠርጋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ታደለች ኪኒኑን እዚያው ዋጠች። ሶስናም ተመርምራ፣ ተመዝና፣ ጤነኛ መሆኗ ታውቆ የመከላከያ መድኃኒት ተጀመረላት። እማማ ወርቅነሽ ከዚህ በፊት ያልታመመ ልጅ መድኃኒት አይውጥም ብለው የከለከሉት ነው። አሁን ራሳቸው በማንኪያ ውሃ አሟሙተው ሰጧት። ጣፋጭ ኖሮ ሕፃኗ ድገሚኝ አለች።

የቀረው ታደለች የት ትኖራለች የሚለው ነበር። እማማ ወርቅነሽ ልጄ ሆይ ወደ ቤትሽ ተመለሺ አሏት። ታደለች ግን መሬት መሬቱን እያየች፣ መድኃኒቱን እስክትጨርስ አባቷ ዘንድ መቆየት እንደምትፈልግ ተናገረች። ማንም አልገፋፋትም። ምህረት ሕክምናዋን አንጋጫ የምትቀጥልበትን የዝውውር ወረቀት ጻፈች። እማማ ወርቅነሽ ነጠላቸውን ፈቱ፤ ሶስናን ከጀርባቸው አውርደው ለእናቷ አሳዘሏት። ደጋግመው ቋጠሮውን አጠበቁት። ከዚያ የራሳቸውን ትከሻ ምን እንደሚያደርጉበት የጠፋባቸው መስለው ቆሙ።

እማማ ወርቅነሽ ከእኛ ጋር ወደ ሆሳዕና ተመለሱ። መናኸሪያው ስንደርስ ወደ ቦኖሻ መኪና ከመግባታቸው በፊት እጄን ይዘው፣ በሁለት ሳምንት አንዴ እሄዳለሁ ፈቅዳልኛለች፣ አሉኝ። ፊታቸው ፈካ ብሎ ነበር።

ቅዳሜ

ሾኔ የምትባለውን ከተማና ገበያዋን አያለሁ ብዬ ነበር፤ ሳላያት ተመለስኩ። ምህረት ስንቅ ብላ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ አስያዘችኝ። ደብረ ብርሃን ስገባ የምሥራቁ ነፋስ እንደ ልማዱ ተቀበለኝ።

ታደለች በግንቦት ጨረሰች። ምህረት ደውላ ስትነግረኝ ክፍሌ ውስጥ ሰው ስለነበር ጮክ ብዬ መደሰት አልቻልኩም። አሁን ከልጇ ጋር ቦኖሻ ተመልሳለች። ባሏም ሁሉንም ሰምቶ ለእናቱም ለሚስቱም አለቀሰላቸው አሉ።

እኔ ከጉዞው በተመለስኩ በሁለተኛው ቀን ግን አንድ የምንጣፍ ሠሪ አዛውንት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ መጡ። በአራት ወር ውስጥ አንድ ቀን ቀርተው አያውቁም፤ ስለዚህ ከኪኒናቸው ሌላ ምንም ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር። የዚያን ቀን ከማን ጋር እንደሚበሉ ጠየቅኋቸው።

«ብቻዬን ነው» አሉኝ። «ቤቱ ሙሉ ሰው ነው፤ እኔ ግን ጓዳ ነኝ።»

መዝገቡን ዘጋሁና ቤታቸው በየት በኩል እንደሆነ እንዲያሳዩኝ ለምኜ አብሬያቸው ወጣሁ።